የላክሁት ሌላ፣ የደረሳት ሌላ

ጤና ይስጥልኝ። የዓምድዎ የረጅም ጊዜ አንባቢ ነኝ። 34 ዓመቴ ነው። ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ነው የምጽፍልዎ።

አባታችን ከታመሙ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። የሚኖሩት ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እሷ ያለችበት አገር ገንዘቡ ዩሮ ነው፤ እኔ ደመወዜን የማገኘው በዶላር ነው። ቀን ቀን አባታችንን የምትረዳ ሴት ቀጥረናል። ሐኪም ቤቱን፣ መድኃኒቱን፣ ሌሊቱን የያዘችው እህቴ ናት። እኔ ለረዳቷ ደመወዝ በየወሩ 1,000 ዩሮ ልልክ ቃል ገባሁ።

በየወሩ ከባንኬ 1,100 ዶላር እልካለሁ። ለመላኪያ ደግሞ 30 ዶላር ለብቻው ይቆርጡብኛል። ስልኬ ላይ ሳየው 1,100 ዶላር 1,000 ዩሮ ገደማ ነው። እሷ ጋ የሚገባው ግን አንድ ወር 951፣ ሌላ ወር 938፣ ባለፈው ወር 942 ነው። አንድ ቀን እንኳ 1,000 ሞልቶ አያውቅም።

ባለፈው ወር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ያልከውን ላክ፤ ካልቻልክ አልችልም በል። በየወሩ እየሸራረፍክ አታድክመኝ።» «እየሸራረፍክ» ያለችው ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። ደረሰኙን ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። አይታው ዝም አለች። ከልጅነቴ ጀምሮ እቴቴ የምላት፣ ያሳደገችኝ እህቴ ናት።

አንድ ወር «ክፍያ የለውም» የሚል ድርጅት ሞክሬ ነበር። 1,100 ዶላር ከፈልኩ፤ 957 ዩሮ ደረሳት። ነጻ ከሆነ 43 ዩሮው የት ገባ?

አሁን ሦስት ነገር እያሰብኩ ነው። አንደኛ፣ እህቴን ትቼ ለረዳቷ በቀጥታ መላክ። ሁለተኛ፣ በየሦስት ወሩ አጠራቅሜ መላክ። ሦስተኛ፣ የጓደኛዬ ጓደኛ ዩሮ አለው፤ ዶላር ይፈልጋል። «እኔ ለእህትህ ዩሮውን ላስገባላት፣ አንተ ለእኔ ዶላሩን አስገባልኝ፤ ባንክ መሃል አይግባ» ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል?

ያልሸራረፍኩት ወንድም

---

ወንድሜ፣

አልሸራረፍክም። ይህን ቀድሜ ልንገርህ፤ ሦስት ቦታ ደጋግመህ የጠየቅከኝ ይህንኑ ነውና። እህትህም አልዋሸችም። አንተ 1,130 ዶላር ከሒሳብህ ሲወጣ አየህ፤ እሷ 942 ዩሮ ሲገባ አየች። ሁለታችሁም የተናገራችሁት ያያችሁትን ነው። በመሃል የሆነውን ግን ሁለታችሁም አላያችሁም። የሚያጣላችሁ ያ ያልታየው ነገር ነው።

እሱን አብረን እንየው። ቁጥር ይበዛዋል፤ ታገሰኝ። ለእህትህ ስታስረዳ የሚጠቅምህ ራሱ ቁጥሩ ነው።

ስልክህ ላይ የምታየው ተመን ማንም የማይሸጥልህ ዋጋ ነው። ባንኮች እርስ በርሳቸው ሲገበያዩ ዩሮ የሚገዙበትና የሚሸጡበት ዋጋ አለ፤ የሁለቱ መካከለኛ ነው ስልክህ ላይ የሚወጣው። ባንክህ ለአንተ ዩሮ ሲሸጥልህ በዚያ ላይ የራሱን ይጨምራል። አንተ በጻፍከው ቁጥር እናስላው። የመሃሉ ተመን 1 ዩሮ በ1.10 ዶላር ነው እንበል። ባንክህ በ1.14 ከሸጠልህ፣ 1,100 ዶላርህ 965 ዩሮ ይሆናል። ገና ገንዘቡ ከባንክህ በር ሳይወጣ 35 ዩሮ ጎደለ ማለት ነው። ደረሰኝህ ላይ ይህ «ክፍያ» ተብሎ አይጻፍም። «ተመን» ከሚለው ቃል አጠገብ 1.14 የሚል ቁጥር ብቻ ታገኛለህ። እህትህ ደረሰኙን አይታ ዝም ያለችው ለዚህ ይመስለኛል። ወረቀቱ ላይ 35 ዩሮ ጠፋ የሚል መስመር የለም።

ቀጥሎ መንገዱ አለ። ብዙ ሰው ሲዊፍት ገንዘብ የሚያጓጉዝ ይመስለዋል። ሲዊፍት እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቤልጂየም ያለ የመልእክት መረብ ነው። የሚያደርሰው «ለዚህ ሰው ይህን ያህል ክፈሉ» የሚለውን ትእዛዝ ነው። ገንዘቡ የሚንቀሳቀሰው ባንኮች አንዱ ሌላው ዘንድ በከፈቱት ሒሳብ ነው። ያንተ ባንክና የእህትህ ባንክ እንዲህ ያለ ሒሳብ ከሌላቸው፣ ሁለቱንም የሚያውቅ ሦስተኛ ባንክ ይገባል። አንዳንዴም አራተኛ። እነዚህ የሚፈልጉትን ወስደው ቀሪውን ያሳልፋሉ። ካንተ 965ቱ ላይ መሃል ያለው 15 ዩሮ፣ የእህትህ ባንክ ደግሞ ለመቀበያ 8 ዩሮ ቢወስዱ 942 ይቀራል። ያው ባለፈው ወር የደረሳት። የትኛው ባንክ ስንት እንደወሰደ ያለ ወረቀት አላውቅም፤ ድምሩ ግን እንዲህ ነው የሚገጣጠመው።

አሁን ሁሉንም በዶላር እንደምረው። በተመኑ 39 ገደማ፣ በመንገድ 25፣ በመላኪያ 30። አንድ ላይ 94 ዶላር ነው። በዓመት 1,128 ዶላር ይሆናል። ወንድሜ፣ ይህ አንድ ሙሉ የረዳቷ ደመወዝ ነው። በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ልከህ አሥራ አንዱ ብቻ የሚደርስ ያህል ነው። እህትህ የተናደደችው አለምክንያት አይደለም። ገንዘቡ በእርግጥ እየጎደለባት ነው። የተሳሳተችው ማን እንዳጎደለው ላይ ነው።

ይህ የአንተ ብቻ ችግር እንዳይመስልህ። የዓለም ባንክ በየጊዜው የሚያወጣው መረጃ 200 ዶላር ወደ ሌላ አገር ለመላክ በአማካይ 6 በመቶ ያህል እንደሚያስወጣ ያሳያል። ከሁሉም ውዱ መንገድ በባንክ መላክ ነው። የተባበሩት መንግሥታት አገሮች እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ወጪው ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ግብ አስቀምጠዋል። አንተ ከ200 ዶላር በጣም የበለጠ እየላክህ 8 በመቶ ገደማ እየከፈልክ ነው። በዶላርና በዩሮ መካከል ይህን ያህል መክፈል የለብህም። ሁለቱ በዓለም ላይ ከሁሉም በላይ የሚመነዘሩ ገንዘቦች ናቸው።

ስለዚያ «ክፍያ የለውም» ስላለህ ድርጅት ልመልስልህ። 43 ዩሮው የገባው ተመኑ ውስጥ ነው። 1,100 ዶላር ለ957 ስታካፍለው 1 ዩሮ በ1.15 ሸጠውልሃል። ነጻ አልነበረም፤ አንተም ትክክል ነህ፣ መናደድህም ተገቢ ነው። ግን አንድ ነገር አስተውል። በዚያ ወር ያጣኸው 47 ዶላር ገደማ ነው። በባንክህ ግን 94። የተቆጣህበት መንገድ ከለመድከው መንገድ በግማሽ ይረክስ ነበር። ይህን የምልህ ወደ እሱ ተመለስ ለማለት አይደለም። «ክፍያ» የሚለውን ቃል ማየት እንድታቆም ነው። የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ይሁን፦ «ከእኔ ይህን ያህል ዶላር ቢወጣ፣ እህቴ ሒሳብ ውስጥ ስንት ዩሮ ይገባል?» ይህንን ለባንክህና ለሌሎች ሁለት አማራጮች በአንድ ቀን፣ በተቀራራቢ ሰዓት ጠይቅ። ተመን በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ ማክሰኞ የጠየቅኸውን ከዓርብ ጋር ብታወዳድር ትሳሳታለህ። ቅዳሜና እሑድን ደግሞ ተወው። ገበያው ስለሚዘጋ አንዳንዶች ለጥንቃቄ ብለው ይጨምሩበታል።

አሁን ወደ ሦስቱ ሐሳቦችህ ልምጣ።

ለረዳቷ በቀጥታ መላክን እባክህ ለጊዜው አቆየው። ገንዘቡን አያተርፍልህም፤ የሚያልፈው በዚያው መንገድ ነው። እህትህ ግን ምን ብላ ታነበዋለች? «አላመነኝም» ብላ። ሌሊት አባቷን የምታገላብጥ ሰው ይህን ስትሰማ ምን እንደሚሰማት አስበው። ደግሞም ረዳቷ የቀረችበትንና የዘገየችበትን ቀን የምታውቀው እሷ ናት። ደመወዙ ከእጇ ሲወጣ ቃሏም ይከበራል።

አጠራቅሞ መላክ እውነትም ያተርፋል። በእያንዳንዱ ሐዋላ የምትከፍላቸው ቋሚዎቹ፣ ማለትም የመላኪያው 30 እና የመንገዱ 25 ዶላር፣ በዓመት 660 ያህል ናቸው። አራቴ ብቻ ብትልክ ወደ 220 ይወርዳሉ። በተመኑ የምታጣው ግን በብዛቱ ልክ ስለሆነ ቅንጣት አይቀንስም። ስለዚህ ስሌቱ ጥሩ ነው፤ ጊዜው ግን አይደለም። አሁን አንድ ወር ብታሳልፍ፣ ቀድሞ የቆሰለው ላይ ሌላ ትጨምርበታለህ። መጀመሪያ ተስማሙ፤ ከዚያ የሦስት ወሩን አስቀድመህ ላክላት። ወሩ ካለፈ በኋላ ሳይሆን ከመድረሱ በፊት። እሱም አቅምህ ከፈቀደ ነው።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ሐሳቡ በራሱ ሞኝነት አይደለም። ሁለት ኢስቶኒያውያን ጓደኛሞች፣ ታቬት ሂንሪኩስና ክሪስቶ ካርማን፣ ለንደን ሲኖሩ ልክ ይህንኑ አድርገዋል። አንዱ የሚከፈለው በዩሮ ነበር፤ ለኑሮው ፓውንድ ይፈልጋል። ሌላው የሚከፈለው በፓውንድ ነበር፤ አገሩ ላለበት የቤት ብድር ዩሮ ይፈልጋል። በዕለቱ የመሃል ተመን አንዱ ለሌላው ሒሳብ ያስገባ ነበር። ድንበር የተሻገረ ገንዘብ ሳይኖር ሁለቱም የሚፈልጉትን አገኙ። ከዚያ ሐሳብ ነው እ.ኤ.አ. በ2011 ዛሬ ዋይዝ የሚባለው የገንዘብ ማስተላለፊያ ድርጅት የተወለደው።

ግን እነሱ ጓደኛሞች ነበሩ። አንተ የምትነግረኝ ስለ ጓደኛህ ጓደኛ ነው። የዚህ ሰው ዩሮ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ? ቀድሞ የሚያስገባው ማን ነው? አንተ ዶላሩን ካስገባህ በኋላ ስልኩ ቢዘጋስ? ከዚህ ሁሉ በላይ የምፈራው ሌላ ነው። ዩሮው ችግር ያለበት ቢሆን የሚታገደው ያንተ ሒሳብ ሳይሆን የእህትህ ነው። ባንክ ጠርቶ «ይህ የማታውቂው ሰው ለምን በየወሩ ይልክልሻል?» የሚላት እሷን ነው። የአባታችሁ መድኃኒት የሚገዛበት ሒሳብ ተቆልፎ፣ እሷ ከባንክ ባንክ ስትሮጥ ይታይህ። 94 ዶላር ለዚህ አይበቃም። ተወው።

ይልቅ ይህንኑ ሐሳብ በሕጋዊ መንገድ የሚሠሩ ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች አሉ። ዶላሩን ባለህበት አገር ይቀበሉሃል፣ ዩሮውን እዚያው ከዩሮ ሒሳባቸው ይከፍሏታል። በአውሮፓ ሴፓ የሚባለው የዩሮ ክፍያ ሥርዓት ውስጥ ስለሚያልፍ፣ መሃል የሚቆርጥ ባንክ አያጋጥምም። በዶላርና በዩሮ መካከል ሁሉም ነገር ተደምሮ 1 በመቶ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች የሚወስዱ አሉ። ከመጀመርህ በፊት በምትኖርበት አገር ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንዳላቸው አረጋግጥ። የመጀመሪያውን ጊዜ 50 ዶላር ብቻ ልከህ ሞክር። ሲሞሉት ደግሞ «የምልከው» በሚለው ሳይሆን «ተቀባይ የሚደርሳት» በሚለው ሳጥን ውስጥ 1,000 ዩሮ ጻፍ። 1 በመቶ ከሆነ ካንተ የሚወጣው 1,111 ዶላር ነው። ዛሬ 1,130 እያወጣህ 942 እንደምታደርስ አትርሳ። ከዚያ ባነሰ ገንዘብ 1,000 ይሞላል።

በባንክህ መቀጠል ካለብህ፣ ሁለት ነገር ጠይቅ። ወጪውን ማን እንደሚሸከም ቅጹ ላይ ምርጫ አለ፦ ሁሉንም ላኪ፣ ሁሉንም ተቀባይ፣ ወይም ሁለቱ ተካፍለው። ብዙ ጊዜ ሳይጠይቁ የሚሞሉልህ «ተካፍለው» የሚለውን ነው። «ሁሉንም ላኪ» ካልክ መላኪያው ይጨምርብሃል፤ መንገድ ላይ የሚቆረጠው ግን ይቀንሳል። ሁለተኛው፣ ገንዘቡ ከባንክህ የሚወጣው ዶላር ሆኖ ነው ወይስ ዩሮ ሆኖ? ዶላር ሆኖ ከወጣ ምንዛሪው በእህትህ ባንክ ተመን ነው የሚሠራው፤ አንተ ያንን ተመን አስቀድመህ አታየውም።

እስካሁን ያወራሁህ ስለ ገንዘቡ ነው። አሁን ስለ እህትህ ልጠይቅህ።

ቃል የገባህላት በዩሮ ነው። የምትልከው በዶላር ነው። በሁለቱ መካከል የሚጠፋውን ማን ይችላል ብላችሁ ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ? ደብዳቤህ ውስጥ አላገኘሁትም። አንተ «1,100 ዶላር ላክሁ፣ ቃሌን ፈጸምኩ» ትላለህ። እሷ «1,000 ዩሮ አለኝ፣ አልሞላም» ትላለች። ለረዳቷ ደግሞ 942 ልትሰጣት አትችልም። 58ቱን ከየት አምጥታ እንደምትሞላ አስበህ ታውቃለህ? እኔ ስገምት ከራሷ ነው። በየወሩ፣ ሳትነግርህ። «አታድክመኝ» ያለችው ቃል እኔን ከ«እየሸራረፍክ» ይልቅ የነካኝ ለዚህ ነው። አንተ የቆጠርከው የስድቡን ቃል ነው። ድካሙን ደግመህ አንብበው።

አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ አትቀየመኝ። መጨረሻ ላይ «ገንዘቡ ደረሰ?» ሳትል «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብለህ የደወልክላት መቼ ነው?

ደረሰኝ ፎቶ አንስቶ መላክ የተከሳሽ ሥራ ነው። አንተ ራስህን ነጻ ለማውጣት ላክኸው፤ እሷ ግን ተከራከረኝ ብላ ተቀበለችው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጽሑፍ አትላክላት። አባታችሁ የሚተኙበትን ሰዓት ታውቃለህ፤ ያኔ ደውል። እንዲህ ብለህ ብትጀምር ደስ ይለኛል፦ «እቴቴ፣ ልክ ነሽ። ገንዘቡ እየጎደለ ነው። እኔ አላጎደልኩትም፣ ግን ሳላጣራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የጎደለውን ከኪስሽ ስትሞዪ ከርመሽ ከሆነ ንገሪኝ።» ከዚያ ዝም በል። ትናገር። ብታለቅስም፣ ብትቆጣም አታቋርጣት።

ሲበርድላት አንድ ነገር ለምናት። ባለፈው ወር ገንዘቡ የገባበትን ቀን ከባንክ ስቴትመንቷ ላይ አውጥታ ታንብብልህ። አንተ ደግሞ ከባንክህ የዚያን ሐዋላ የሲዊፍት ቅጂ አስቀድመህ ጠይቅ። እያንዳንዱ የሲዊፍት ክፍያ 36 ቁምፊ ያለው የመከታተያ ቁጥር አለው፤ ባንክህ በእሱ ገንዘቡ በየት በየት እንዳለፈና በብዙው ጊዜ ማን ስንት እንደቆረጠ ሊያይልህ ይችላል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ መስመር በመስመር ተከተሉት። 965 ላይ ስትደርሱ ቁም። «ይኸው፣ 35ቱ እዚህ ጋ ነው የቀረው» በላት። ያን ጊዜ ሁለታችሁም ያልታየውን ነገር አንድ ላይ ታዩታላችሁ።

ከዚያ ስምምነቱን አድሱት። ቃሌ በዩሮ ነው፣ የደረሰሽ 1,000 ካልሆነ የሚጎድለው የእኔ ነው በላት። አቅምህ ይህን ካልቻለ አሁኑኑ በግልጽ ተናገር፤ 960 ሞልቶ የሚደርስ 960፣ 1,000 ተብሎ ከሚደርስ 942 ይሻላታል። ዶላር በጣም ቢወርድና ካንተ የሚወጣው ለምሳሌ ከ1,200 ቢያልፍ ምን እንደምታደርጉም አሁን ተነጋገሩ፤ ያ ቀን ሲመጣ እንደ አዲስ እንዳትጣሉ። ካለፉት ወራት ከኪሷ የሞላችው ካለ ደግሞ ቀስ እያልክ መልስላት። አልቀበልም ካለች ለእሷ ሁለት ቀን ማረፊያ የሚሆን ሌላ ረዳት ይቀጠርበት።

የሚቀጥለውን ስትልክ ደውለህ፣ «ሲገባ አብረን እንየው» በላት። ስንት እንደገባ ለእኔም ጻፍልኝ። አባታችሁን እግዚአብሔር ይማርላችሁ።